በሕግ አምላክ ብዬ ያቆምኳቸው ሰውዬ

እንኳን ደስ ያለኝ! ሌላ ሰው እስኪለኝ መጠበቅ አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ መምህር አስናቀ በተማሪው ሁሉ ፊት ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ለዘውድ በዓል በምናሳየው ቴአትር መበለቷን የምትሠራው እሷ ናት» አሉ። እሷ ማለት እኔ ነኝ። ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬም አይቼ ነበር፤ ከኋላዬ ያለው ግን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ባል አይሞትበትም።

እንግዲህ «ለአንድ ቴአትር ይህን ያህል መፈንደቅ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ያለፈውን ዓመት ቴአትር ያላየ ነው። እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ እስከ ዘንድሮ ድረስ ሴትን የሚሠራ ወንድ ነበር። ያለፈው ዓመት ንግሥታችን ጺም ልታበቅል ዳር ዳር የምትል ነበረች፤ እጅ ስትነሣም ከቀሚሷ ሥር ቁምጣ ይታይ ነበር። ያም ሆኖ ሕዝቡ አለቀሰላት። ንግሥቲቱ ደሳለኝ ነበር፤ የክፍሌ ልጅ ነው፤ ድምፁ እንደ ክራር የቀጠነ፣ እንባውን እንደ ጥላ በፈለገው ጊዜ የሚከፍት የሚዘጋ ልጅ።

ዘንድሮ ግን መምህር አስናቀ ክረምቱን ደብረ ታቦር ከርመው ሲመጡ አዲስ አሳብ ይዘው መጡ። «ሴትን ሴት ትሥራት» አሉ። ግብረ ገብ የሚያስተምሩን መሪጌታ «እንዴት ተደርጎ! የሰው ልጅ በአደባባይ ስትጮህ!» አሉ። ሁለቱ ተከራክረው፣ ተኳርፈው፣ ታርቀው፣ እንደገና ተከራክረው በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ሴት ልጅ ትፈተን፤ ድምጿ ከመድረኩ እስከ አዳራሹ በር ከተሰማ ትሥራ፤ ካልተሰማ ቦታው እንደ ወትሮው የደሳለኝ ይሁን፤ ከዚያ በኋላም የሴት ነገር አይነሣ። የምትፈተነዋ እኔ ሆንኩ። ልብ በሉ! እኔ ብወድቅ የምወድቀው ብቻዬን አልነበረም። ከእኔ በኋላ የሚመጡትን ሴቶች ሁሉ ይዤ ነበር የምወድቀው። ይህን የሰማሁ ዕለት እራቴን አልበላሁም።

ደሳለኝ ደግሞ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይሁን ሊያቆስለኝ እንጃ፣ «አንቺ ሴት መሆኑን ትችይበታለሽ፤ መበለትነት ግን ልምድ ይጠይቃል» አለኝ።

ቴአትሩ የድሮ ዘመን ታሪክ ነው። ባሏ የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ርስቷን ይቀማታል። እሷም መንገድ ላይ ጠብቃ «በሕግ አምላክ! ቁም!» ብላ ታቆመዋለች። ልጆች ሆናችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ በድሮ ጊዜ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አንሥቶም ቢሆን ካለበት ንቅንቅ አይልም ነበር። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ዳኛ ሩቅ ከሆነም ያገኙትን መንገደኛ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው «ፍረደን» ይሉታል። በድሮ ጊዜ አልኩ እንጂ፣ ድሮው ገና ያላለፈባቸው ሰዎች መኖራቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ፈተናው እንግዲህ ያንን ጩኸት መጮህ ነው። ከጩኸቱ በኋላ መበለቷ የምትሟገተውን ሙግት ከራሷ አፍልቃ ትናገራለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እኔም ቀላል መስሎኝ ቤት ውስጥ አንዴ ብሞክረው እናቴ ከጓዳ ወንፊቱን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ልምምድ ነው እማዬ።»

«ቤቴ ውስጥ የሕግ ስም በከንቱ አይጠራም! የጠራሽው ሕግ 'አቤት' ብሎ ቢመጣ ምን ልታበይው ነው?»

ከዚያ በኋላ ልምምዴ በሹክሹክታ ሆነ። በሹክሹክታ የሚጮህ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊቱ ይቀላል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ድምፅ ግን የለም። ለጋኑ ሹክ አልኩት፤ ጋኑ በጨዋነት ቆመ። ለአህያችን ሹክ አልኳት፤ ጆሮዋን አወዛውዛ ጥላኝ ሄደች። ሕግ የማታውቅ አህያ ናት። ከአንዴ በላይ ጮክ ብዬ ሞክሬው የማላውቀውን ድምፅ እንዴት አድርጌ በሩ ድረስ ልልከው ነው?

የፈተናው ቀን ቅዳሜ፣ ገበያ ዕለት ሆነ። እናቴ ገብሱን ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ማለዳ ማሳ ወጣች፤ እኔም አዲስ ነጠላዋን ለምኜ ለብሼ ወደ ከተማ ጉዞ ጀመርኩ። ከቤታችን ወደ ከተማው ሲኬድ መንገዱ ወደ ወንዙ ቁልቁል ይወርድና በገደል ሥር ይጠመዘዛል። እዚያ ስደርስ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። ግራ አየሁ፤ የለም። «አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩ ለራሴ። «ድምፄ መኖር አለመኖሩን ብቻ ልወቅ።» እናም ነጠላዬን አጥብቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅሁት።

«በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ! ቁም! የመበለት ርስት ገፍተህ የት ትደርሳለህ!»

ገደሉ «ትደርሳለህ... ትደርሳለህ...» አለ። ደስ አለኝ! ድምፅ አለኝ! ትንሽ ቆይቶ ግን ገደሉ ጨመረና

«ቆሜያለሁ!» አለ።

ገደል የሰውን ቃል ይደግማል እንጂ ከራሱ ቃል ሲጨምር ሰምቼ አላውቅም። እያማተብኩ ጠምዛዛውን አለፍ ብል ምን አያለሁ? አያ ጥሩነህ ወንዙ መካከል ቆመዋል። አንድ እግራቸው ድንጋይ ላይ ነው፤ አንዱ እግራቸው አየር ላይ። በቅሏቸው ወዲያ ማዶ ተሻግራ ሣር ትግጣለች። አያ ጥሩነህ ማሳቸው ከማሳችን የሚዋሰን ሽማግሌ ናቸው። ባንድ የድንበር ሙግት ደብረ ታቦር ሲመላለሱ ኖረው፣ ሙግቱ ካለቀ ወዲህ ቀንበር የወረደለት በሬ መስለው በየደጁ የሚንጎራደዱ ሰው ናቸው።

«አያ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ይሂዱ እንጂ፣ ይሻገሩ!»

«አልሻገርም! በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ወዴት ይሻገራል? ደግሞ ቁም! እኔን ቁም! አባትሽ ክርስትና ሲነሣ ጠላ የጠጣሁትን ሰውዬ አንተ! ምነው፣ 'ይቁሙ' ብትይኝ አልቆም ኖሯል?»

«ኧረ እርስዎን አይደለም አያ! ለቴአትር ነው፤ ልምምድ ነው።»

«ቴአትር የሚባል ዳኛ አላውቅም። ይልቅ እናትሽ ናት የላከችሽ። በዚያች በትልሟ ነው!»

«በየትኛዋ ትልም?»

አየር ላይ ያለው የአያ ጥሩነህ እግር ውሃው ውስጥ ገባ። «በየትኛዋም» አሉ። «በምንም ትልም። ዝናብ ነው።»

«የምን ዝናብ?»

«የወሰኑን ድንጋይ የገፋው ዝናብ ነዋ!»

አሁን ይህን ስታነቡ እናንተ ወዲያው ገባችሁ። እኔ አልገባኝም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ሰውዬው «ቤታችሁን አቃጥዬ ነው የመጣሁት» ቢሉኝ «እሺ አያ፣ ብቻ ፈተናው እንዳያልፈኝ» ብዬ ነበር የምመልሰው። ፀሐይዋ ትወጣለች፤ ደሳለኝ አሁን ፊቱን ታጥቦ ጨርሷል፤ እኔ እዚህ ስለ ዝናብ አወራለሁ።

«በሉ እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ፣ ልሂድ» ብዬ መንገድ ስጀምር «ወዴት?» አሉና ከወንዙ ወጥተው የጋቢያቸውን ጫፍ ከእናቴ ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጥሩት ጀመር። እጃቸው ይቸኩላል። ከንዴት መስሎኝ ነበር፤ ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳየው ለካ ከደስታ ነው። «ስሜን በሕግ ፊት አንሥተሽዋል፤ በሕግ ፊት ታጸጂዋለሽ። ዳኛ ያለው ከተማ ነው። ቅደሚ!»

ቅደሚ አሉኝ እንጂ መቅደም የሚቻል አልነበረም። እኔ ስስብ እሳቸው ይቆማሉ። «ተከሳሽ አይሮጥም» ይሉኛል፤ «የሮጠ ተከሳሽ ግማሹን አምኗል።» ዳገቱ ላይ አረፉ። ከዳገቱ በኋላ ስለ ዳገቱ ለማውራት አረፉ። በቅሏቸው ያልተከሰሰች ስለሆነች ጥላን ሄደች፤ ከሦስታችን ለፈተናው በሰዓቱ የደረሰችው እሷ ነበረች።

በዚህ ላይ በጎች ወደ ገበያ የሚነዳ ሰው አገኘን። አያ ጥሩነህ እንዳዩት ድንጋይ ጠቆሙት፦ «ተቀመጥና ፍረደን!»

«እኔ?» አለ ሰውዬው።

«አንተ። መንገደኛ ዳኛ ነው።»

ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳኛ ነህ ሲባል ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ አይታችሁ ታውቁ እንደሁ እንጃ። አሁን በጎቹን «እምብ! እምብ!» እያለ ሲነዳ የነበረ ሰው በትሩን ጭኑ ላይ አጋደመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ከሳሽ ተናገሪ» አለ።

«ክስ የለኝም! ምንም አላጠፉም! ዕድሜህ ይርዘም ጌታዬ፣ ፍታኝና ልሂድ።»

«ተከሳሽስ?»

«ድንጋዩን በሬዬ ነው የገፋው» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ቅድም ዝናብ ነው ብለው ነበር እኮ!» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ እንጂ መሟገቴ አልነበረም።

ዳኛችን ግንባሩን ቋጠረ። «ዝናብም በሬም! ነገሩ ግብረ አበር አለበት» ብሎ ገና ማሰብ ሲጀምር በጎቹ ባቄላ ማሳ ገቡ። ተነሥቶ እየሮጠ «ለማክሰኞ ቀጥሬያለሁ!» ብሎ ጮኸ። የት እንደሆነ አልተናገረም፤ ማክሰኞ የቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንደጠበቀን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከበግ ነጂው በኋላ ጌሾ የተሸከሙ ሴቶች ደረሱብን። ከእነሱ አንዷ፣ ምላሷ ከጌሾው የሚመር፣ ቋጠሮውን አየችና «ምን ሆናችሁ ነው እንደ ጥማድ በሬ?» አለች።

«አንዲት ትልም ገፍተሃል ብላኝ ነው» አሉ አያ ጥሩነህ።

«እኔ አላልኩም!»

«አንዲት ብቻ ናት?» አለች ባለ ጌሾዋ። «ትልም እኮ እንደ አይጥ ነው አያ፤ አንዱ ካለ ሌላም አይጠፋ።»

«ሁለተኛዋ ጠባብ ናት!» ብለው ደነፉ አያ ጥሩነህ።

ሴቶቹ ጌሾአቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዓይኔ ፀሐይዋ ላይ ነበር። አናታችን ላይ ደርሳለች። ሴቶቹ ግን ከዚያ በኋላ ገበያቸውን ረስተው ተከተሉን። የከተማው ገበያ ውስጥ ስንገባ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» የሚለው ሁሉ ተጨመረበት። አንዱ «ሌባ ይዛ ነው» ይላል፤ አንዱ «ኧረ ሌባው ነው የያዛት» ይላል። እኔ እናቴን የሚያውቅ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ልሸፍን ነጠላዬን ስስብ አያ ጥሩነህ አብረው ይሳባሉ።

አዳራሹ ስንደርስ ደሳለኝ መድረኩ ላይ ነበር። የእህቱን ቀሚስ ለብሶ፣ መቀነት ታጥቆ፣ እንባው በጉንጩ ላይ በየተራ ይወርዳል። እንዴት አድርጎ አለቀሰ መሰላችሁ! እኔ ራሴ «ምስኪን፣ ርስቷን ቀምተዋት» ልል ምንም አልቀረኝም። መምህር አስናቀ አጨበጨቡ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ስምሽን ጠርተን ጠርተን አለፍነው እኮ!» አሉ። ያዘኑ መሰሉኝ። መሪጌታ ግን አላዘኑም፤ «ብዬ ነበር» የሚል ፊት ነበር የያዙት።

«መንገድ ላይ... እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። የተቋጠረው ነጠላ ተናገረልኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ ቋጠሮውን እያዩ።

«ቁራኛ ነን» አሉ አያ ጥሩነህ ደረታቸውን ነፍተው። «ዳኛ እሻለሁ።»

«አባቴ» አሉ መምህር አስናቀ፣ «ይህ የቴአትር ፈተና ነው። ይፍቷትና ትፈተን፤ አሁን መዝጋታችን ነው።»

«እፈታታለሁ። ማን አልፈታም አለ? አንድ ቃል ትበል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት 'አያ ጥሩነህ የማንንም መሬት አልገፉም፤ አሁን ያለው ወሰን ወሰናቸው ነው' ትበል። ይኸው ነው። እኔም እሄዳለሁ፣ እሷም እንደልቧ ትጩህ።»

«በይዋ ልጄ!» አሉ መምህር አስናቀ። «አንድ ቃል ናት!»

«በይውና እንገላገል» አለ ደሳለኝ ከመድረኩ ላይ። «ቀሚሱ ጠቦኛል።»

እኔም አፌን ከፈትኩ። ምን አለበት? አንድ ቃል ነው። ከዚያ ነፃ ነኝ፤ መድረኩ እዚያው ፊቴ ነው። «አያ ጥሩነህ...» አልኩ። አያ ጥሩነህ ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም። ባለ ጌሾዎቹን፣ ገበያተኛውን፣ መሪጌታን፣ አንድ በአንድ ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ምን እያደረጉ ነው? ብዬ አየሁ። ሰውዬው ምስክር እየቆጠሩ ነበር!

ያን ጊዜ ዝናቡም፣ በሬውም፣ ጠባቧ ትልምም ባንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ዱብ አሉ። እናቴ ታየችኝ፤ አሁን በዚህች ሰዓት ብቻዋን ወንጭፍ ይዛ ዝንጀሮ የምታባርረው። በሰኔ «ዘንድሮ ማሳው ነው ያነሰ ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁ? ዘሩ ተረፈኝ» ስትል ስቄባት ነበር። እና ደግሞ እናቴ መበለት ናት። ይህን ታምኑኛላችሁ? ስንት ቀን ሙሉ መበለት እንዴት ትቆማለች፣ እንዴት ትናገራለች እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ፤ ማታ ማታ ካንድ ሌማት አብሬያት እራት እበላ ነበር።

ብናገር መድረኩ የእኔ ነው፤ ማሳው የአያ ጥሩነህ። ባልናገር አይፈቱኝም፤ ፈተናው ያልፋል፤ የሴት ነገርም ከእንግዲህ አይነሣም።

«በሕግ አምላክ» አልኩ።

አልኩ ብዬ ነው እንጂ የወጣው ድምፅ የጫጩት ነበር። ድምፄ ከገደሉ ገና አልተመለሰም። ከኋላ ሳቁ። ደሳለኝ ቀሚሱን ሰብስቦ በሩ ድረስ ሮጠና እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «እዚህ አልተሰማም!» አለ። ለሕጉ ብሎ ነው፤ አልቀየምኩትም። አሁን ነው እንጂ ያልተቀየምኩት፣ በዚያ ሰዓትስ ዓይኑን ባወጣሁት።

«ደገመችው እንዴ?» አሉ አያ ጥሩነህ በቀስታ። «ደገምሽው? ቃሉን በይና እንፋታ አልኩሽ እኮ ልጄ።»

ልጄ አሉኝ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር ከተረከዜ ተነሣና በአፌ ወጣ።

«በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ! አያ ጥሩነህ፣ ይቁሙ!»

ቀድሞውንም ቆመው እንደነበር ረስቼዋለሁ። አዳራሹ ቆመ። ገበያው ቆመ። ከደጅ አንድ እንስራ ሲወድቅ ሰማን፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም። በኋላ እንደነገሩኝ ጨው የሚሰፍረው ሰውዬ እጁን እንደዘረጋ ቀርቷል፤ አንዱ ደግሞ በቅሎ ሊወጣ አንድ እግሩን እርካብ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሁላችንም ወደ በሩ ዞረን ደሳለኝን አየነው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ተሰምቷል» አለ በትንሽ ድምፅ።

ከጩኸቱ በኋላ ሙግት አለ ብያችኋለሁ። ያዘጋጀሁት ሙግት ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ግን ማን ፈለገው? «ዝናብ ነው ብለዋል» አልኳቸው። «ማሳችን ከላይ ነው፤ የእርስዎ ከታች ነው። ድንጋዩ የመጣው ወደ እኛ ነው። አያ፣ እስቲ ለዚህ ሕዝብ ይንገሩት፣ ድንጋይን ሽቅብ የሚገፋ ዝናብ የየት አገር ዝናብ ነው?»

«እልል!» አለች ባለ ጌሾዋ።

«በሬው ነው ብያለሁ!» አሉ አያ ጥሩነህ።

«በሬውን የነዳው ማን ነው?»

ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ አያ ጥሩነህ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ወይ የልጅ ሙግት! ደብረ ታቦር እንዲህ ያለ አፍ ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ!» አሉና ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱት። የነጠላው ጫፍ ተጨማድዶ ቀረ፤ እናቴ ይህንንስ ይቅር አላለችኝም።

መሪጌታ «ሰኞ ሽማግሌዎች ማሳው ላይ ይቁሙ» ብለው ፈረዱ። ወደ እኔም ዞሩና «ሴት ልጅ በአደባባይ አትጩህ ብዬ ነበር፤ አሁንም እላለሁ» አሉ። ከዚያ ጨመሩበት፦ «ከጮኸች ግን እንዲህ ትጩህ።»

መምህር አስናቀ ምን አሉ መሰላችሁ? «እናስብበታለን» አሉ! እናስብበታለን! ይህ ቃል እንዴት ያለ ክፉ ቃል ነው! እምቢም አይደል እሺም አይደል፤ ሰው በሕይወት እያለ የሚሰቀልበት ቃል ነው።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ነበር የማወራው። እሷ ግን ሰምታ ስትጨርስ

«ሁለት ናት አለ?» አለች።

«ሁለተኛዋ ጠባብ ናት ብለዋል።»

«እኔ የማውቃት አንዲቱን ነበር» አለች እናቴ። «ለአንዲት ትልም ብዬ ካገር ሽማግሌ አልጣላም ብዬ ለእግዜር ሰጥቻት ነበር። ሁለተኛዋን ግን እግዜርም አልሰማ!» ሰኞ ዕለት ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ማሳው ላይ የተገኘችው እሷ ነበረች። ወሰኑ ተለካ፤ ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አያ ጥሩነህ የዘሩትን ገብስ አጭደው መሬቱን ሊለቁ ተስማሙ። ምንም አልከፋቸው። እንዲያውም ወደ እኔ ጠጋ ብለው «የታችኛውን ጎረቤቴን ልከሰው አስቤያለሁ፤ አንድ ቀን መጥተሽ ትጮሂልኝ እንደሁ?» አሉኝ። መምህር አስናቀ ደግሞ የቀማኛውን ቦታ ለእሳቸው ሊሰጧቸው ቢልኩባቸው «በውሸት አልከሰስም» ብለው መልሰዋል። ስለዚህ ዛሬ ቀማኛው ደሳለኝ ሆኗል። «ቁም ስትይኝ ቀስ ብለሽ በይው» ብሎ ለምኖኛል።

እኔ እንግዲህ ከዚያ ቅዳሜ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ «እናስብበታለን» ላይ ተሰቅዬ ቆየሁ። ዛሬ ወረድኩ። አሁን ያለብኝ ጭንቀት ሌላ ነው፤ መንገድ ላይ ጉሮሮዬን ስጠርግ ከፊቴ የሚሄደው ሰው ይቆማል።

ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የእስቴ ሰዎች ብቻ ሳትሆኑ ከወገዳም ከጋይንትም መንገዱን የምትደፍሩ፣ የዘውድ በዓል ዕለት ከምሳ በኋላ አዳራሹ እንድትመጡልኝ ጠርቻችኋለሁ። ወንበር ስለማይበቃ በርጩማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። እናቴ ከፊት ትቀመጣለች፤ አያ ጥሩነህም ከጎኗ ቦታ ይያዝልኝ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እኔ በሕግ አምላክ ብዬ ስጮህ እንዳትቆሙ፤ የቆመ ሰው ከኋላው ያለውን ይጋርዳል። የጎረቤቱን ወሰን የገፋ ሰው ካለ ግን መቆሙ ስለማይቀርለት፣ ቀደም ብሎ መጥቶ ከኋላ ከበሩ አጠገብ ቢቀመጥ ለሁላችንም ይበጃል።